ሽታ የሌለው ቤት

በእኛ ቤት ሽቶ ክልክል ነው። ሳሙናችን እንኳ ምንም አይሸትም፤ ሰው ይታጠብ አይታጠብ አይለይም። ይህን ጣጣ ያመጣችብኝ የወንድሜ ትልቋ ልጅ ናት። ሥራዋ ላቦራቶሪ ውስጥ ከማህፀን ውጭ የተጀመረ የሰው ፅንስ መንከባከብ ነው፤ የሽቶ ትነት ይጎዳዋል ትላለች። እኔ አክስቷ፣ ሽቶ ሳልቀባ ከደጅ የማልወጣ የነበርኩ ሴት፣ ጠርሙሴን ለጎረቤት ሰጥቼ አረፍኩት። እሷም ብትሆን አንድ ጥሩ መዓዛ ያለው ሳሙና አላት። መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት፣ የፅንሱ ማሞቂያ ሳጥን ባዶ ሲሆን ብቻ ታወጣዋለች።

የምትሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። አንዴ ልጠይቃት ሄጄ በመስታወቱ አሻግሬ ሳያት እኔን ትንፋሽ አጠረኝ።

"እዚህ ውስጥ እንዴት ይዋላል?" ብላት፣ "ለምጄዋለሁ አክስቴ" አለችኝ። ውሸቷን ነው።

ዘንድሮ የገዛ እህቷ፣ ትንሿ፣ እዚያው ታካሚ ሆና መጣች። ባሏ ሥራው ሩቅ ስለሆነ እኛ ጋ ከረመች። ልጅ ለማግኘት ስንት ጊዜ ሞክራ ከሽፎባታል፤ ሐኪሙም ይሄ የመጨረሻችን ነው ብሏታል። አንድ ፅንስ ብቻ ተገኘ። ላቦራቶሪው ለጽዳት ሊዘጋ ስለነበር ሳጥኑ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ሕጋቸው ደግሞ ለጉድ ነው፤ ውጤት የሚናገረው ሐኪሙ ብቻ ነው። ትልቋ ለእህቷም ቢሆን ትንፍሽ ማለት አትችልም። ሐኪሙ ደውሎ ለሁለት፣ ቀጥሎም ለአራት ተከፍሏል አለ፤ ከዚያ ዝም። ማታ ማታ ትንሿ የእህቷን ፊት ስታጠና፣ ትልቋ ሳህኗ ላይ ስታቀረቅር፣ እኔ መሃል ተቀርቅሬ ወጥ እጨምርላቸዋለሁ። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የት ይኬዳል?

"እትዬ፣ አሁን ምን ይጠበቅበታል?" አለቻት አንድ ማታ።

"የማንኛውንም ፅንስ ልንገርሽ፣ ያንቺን አትጠይቂኝ" አለች ትልቋ። "ሕዋሶቹ ተጣብቀው እንደ ኳስ ይሆናሉ፣ መሃሉ ውሃ ይቋጥራል። ከዚያ ቅርፊቱን ሰብሮ ይወጣል። ካልወጣ ማህፀን ላይ መጣበቅ አይችልም።"

"ካልቻለስ?"

"እዚያው ውስጥ ይቀራል።"

ፅንሱ ወደ ማህፀን ሊገባ በተቀጠረበት ቀን ዋዜማ፣ ትልቋ ከሥራ በጊዜ መጣች። ሾርባው ጨው በዛበት ብላ ተረበችኝ። ፊቷ ላይ ምንም የለም። እኔም፣ እሰይ፣ ደህና ነው ማለት ነው ብዬ ልቤ ተመለሰ። በላችና ልታጠብ ብላ ገባች። ውሃው ብዙ ፈሰሰ።

ከዚያ በበሩ ስር የሳሙናዋ ሽታ መጣ። እኔ ጅሏ፣ ስንት ጊዜ የናፈቀኝ ነገር ሆኖ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩት። ዓይኔን ስገልጥ ትንሿ ማንኪያዋን አስቀምጣ በሩን ታያለች። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሳጥኑ ባዶ ነው።

ትልቋ ፎጣ ጠምጥማ ወጣች።

"ጥሩ ይሸታል፣ እትዬ" አለቻት ትንሿ ቀስ ብላ።

ትልቋ እርጥብ እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ እዚያው በሩ ላይ ቆማ ቀረች።