የመርማሪው ሸራ ጫማ

የእስር ክፍሉ በር ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የታየኝ እግር ነው። ሃያ ሰው በማይችል ክፍል ውስጥ ስልሳ የሚሆን ሰው ግድግዳ ተደግፎ እግሩን ዘርግቷል። የላብና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው። ለእኔ የተረፈኝ ቦታ በሩ ሥር፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ነበር።

"አዲስ ገቢ እዚያ ነው የሚተኛው" አሉኝ የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፤ ሽማግሌ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። "ታሪክህን ስትነግረን ወደ ውስጥ ትገባለህ። ክስህን አይደለም፣ ራስህን ነው።"

ሦስት ቀን እምቢ አልኩ። ምግቡም አልወርድ አለኝ። ተማሪ ፊት ስለ ነፃነት ስደሰኩር የኖርኩ መምህር፣ ምርመራ ላይ ገና ሁለት ጥፊ ሲያርፍብኝ ተንበርክኬ የመርማሪውን ጫማ ስሜ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰው ነኝ ለማለት አፈርኩ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሽማግሌው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አሉኝ።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ የጫማውን ነገር አወጣሁት።

"ጫማው ቆዳ ነበር?" አሉ ሽማግሌው።

"ሸራ።"

"አቧራ ነበረው?"

"ነበረው።"

"በል እንግዲህ፣ ጠርገህለታል። እኔ ደግሞ እናቴን እየጠራሁ ነው ያለቀስኩት፤ በስድሳ ዓመቴ።"

አንዱ ከጥግ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለው፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እንደ ደንባቸው ሁሉም በአንድ ድምፅ "ሰምተናል" አሉና ተጠጋግተው መሃላቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ያን ቀን ምሳዬን ጨረስኩ።

በማግስቱ ለምርመራ ስጠራ ፊቴን ታጠብኩ፤ ሽማግሌው ኮታቸውን አለበሱኝ። መርማሪው "ተንበርከክ" አለኝ። "ቆሜ እመልሳለሁ" አልኩት። ጥፊው አልቀረልኝም፤ ግን አልተንበረከክኩም።

ተፈትቼ ጆሃንስበርግ ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤሪያ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ የቸርች አዳራሽ፣ እዚሁ የተወለዱ የሐበሻ ልጆችን አማርኛ አስተምራለሁ። የራሳቸውን ታሪክ ጽፈው ያነባሉ፤ ሲጨርሱ ክፍሉ "ሰምተናል" ይላል። አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን ወር ሙሉ ባዶ ወረቀት ስትሰጠኝ ከረመች።

"ቲቸር፣ እኔ ስቶሪ የለኝም" ትለኛለች።

አባቷ አሌክሳንድራ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። ሊወስዳት ሲመጣ ባኪ የሚሉትን ፒካፕ መኪናውን ራቅ አድርጎ መታጠፊያው ላይ ያቆማል።

ባለፈው ቅዳሜ የጫማውን ነገር ነገርኳቸው። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ፤ ከዚያ እጇን አወጣች። አንድ ቀን አባቷ ዱቄት የነካ ልብሱን እንደለበሰ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ሲጠራት፣ ጓደኞቿ "ማነው?" ቢሏት "አይ ዶንት ኖው ሂም" ብላ ነበር።

"እሱ ሰምቶኛል" አለች እያለቀሰች። "ከዛ ቀን ጀምሮ ሩቅ ነው የሚያቆመው።"

"ሰምተናል" አሉ ልጆቹ።

ስንወጣ ባኪው እንደ ወትሮው መታጠፊያው ላይ ቆሟል። ልጅቷ ሄደችና የአባቷን እጅ ይዛ አዳራሹ በር ድረስ አመጣችው።

"ቲቸር፣ አባቴ ነው" አለች ጮክ ብላ፣ ልጆቹ ሁሉ እያዩ።

ሰውየው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጨበጠኝ። እፎይ አልኩ፤ ለእሷም፣ በሩ ሥር ተኝቶ ለነበረው ለዚያ መምህርም።