ወባ የተገኘበት ወንድም

ጣልያን ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር። ጎንደር ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ ስጀምር የተሰጠኝ ኃላፊነት ደም የሚለግሰውን ሰው አስቀድሞ መመርመር ነበር። ለጋሹ ወባ ወይም ቂጥኝ ካለበት በሽታው ከደሙ ጋር ወደ ታማሚው ይገባልና።

አንድ ቀን ጧት ከአምባ ጊዮርጊስ አንዲት አራስ በአውቶቡስ አመጡ። ደም ፈሷት ከንፈሯ ነጥቷል። ታላቅ ወንድሟ ጋቢውን ወዲያ ጥሎ እጅጌውን ሰበሰበና፣

«ከእኔ ቅጅላት! ደማችን እንደሁ አንድ ነው» አለኝ።

ጣቱን ወግቼ ጠብታዋን ከእህቱ ደም ጋር አመሳከርሁ፤ በማይክሮስኮፕም አየሁ። ደማቸው በእርግጥ ገጥሟል፤ ግን ወባ አለበት።

«አያ፣ የእርስዎ አይሆንም።»

«ምነው?»

«ደምዎ ውስጥ ወባ አለ።»

ብድግ አለ። «የእኔ ደም? ሰባት ቤት ብትቆጥሪ እንከን አታገኝበትም!»

«ዘርዎን መች ነካሁ? ትንኝ ነች ያመጣችብዎት። ሰሞኑን ቆላ ወርደው ነበር?»

ድምፁ ቀነሰ። «በቅሎ ልሸጥ አዲ አርቃይ ወርጄ ነበር።»

ማይክሮስኮፑን እንዲያይ ጋበዝሁት። መጀመሪያ «ጫካ ነው የሚታየኝ» አለ፤ የገዛ ሽፋሽፍቱን እያየ ኖሯል። ሳስተካክልለት ቀለበት የመሰሉትን ተዋሲያን አየና ወደ እኔ ዞረ።

«እነዚህን በወንፊት አጥልለሽ ብትሰጫትስ?»

«በወንፊት አይያዙም፣ አያ። እርስዎን ግን በክኒን እናድንዎታለን።»

የታመመ ጎረቤቱን ሊጠይቅ የመጣ አንድ እስላም የጨርቅ ነጋዴ በር ላይ ቆሞ ይሰማን ነበር። «እስቲ የእኔን እይው» ብሎ ጣቱን ዘረጋ። ደሙ ንጹሕ ነበር፤ ዓይነቱም ገጠመ። ጠርሙሱ ሲሞላ ወንድምየው ነጋዴውን አቅፎ ትከሻውን ሳመው። «እንግዲህ እሷ ያንተም እህት ናት» አለው፤ ሁላችንም ሳቅን።

በማግሥቱ አራሷ ገንፎ አማራት። ወንድሟ ደስታውን መያዝ አቅቶት በየአልጋው እየዞረ ለማያውቃቸው በሽተኞች ሁሉ አወራ።

ክኒኑን ጨርሶ ተመልሶ ሲመጣ ደሙን ደጋግሜ አየሁት፤ ምንም የለም። «ሸጋ! እንግዲያው ቅጂው» አለ። ሀኪሙ ግን ወባው ተደብቆ ቀርቶ እንዳይሆን ጥቂት ወራት እንዲቆይ አዘዘው። እያጉረመረመ ሄደ።

ከክረምት በኋላ ራሱ መጣ። እንደገና መርምሬ፣ ንጹሕ መሆኑንም በማይክሮስኮፕ አሳይቼው ቀዳሁለት። ያን ሳምንት ከገደል ወድቆ ከመካነ ብርሃን ለመጣ አንድ ገበሬ ደሙ ደረሰለት። ወንድምየው ከገበሬው አልጋ ራስጌ ቁጭ ብሎ፣

«አይዞህ፣ የተመረመረ ነው፤ እኔው በዓይኔ አይቸዋለሁ» ይለው ነበር።