ከንፈር ብቻ

በገና በዓል ዝግጅት መድረክ ላይ አቁመው እንዳልዘምር ከለከሉኝ። ያኔ ማንበብ ስለማልችል ነበር። ዛሬም የመዘምራን ልብስ ከሳጥን ሲወጣ የናፍታሊኑ ሽታ ያንን ምሽት ያስታውሰኛል።

በ1983 መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው፣ ቦንጋ ከተማ። የመዘምራኑ መሪ ጋሽ ወልዴ ልብሱን እያለበሱኝ፣ «ቃሉን ትስታለህ፤ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን እቆማለሁ?»

«ረጅም ነህ፤ የኋላው መስመር ሰው ጎደለው።»

ጥዬ እወጣ ነበር። እናቴ ግን እኔን ልትሰማ ከቢታ ገነት ድረስ መጥታ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እንዳትነቃብኝ እየፈራሁ፣ ያለ ድምፅ አፌን ስከፍት ስዘጋ አመሸሁ።

ስንወጣ እጄን ያዝ አደረገችና፣ «የኔ ልጅ፣ ከሁሉም ያንተን ድምፅ ለየሁት» አለችኝ።

አውቃ ይሁን ሳታውቅ አልጠየቅኳትም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው። የመዝሙሩን ወረቀት ይዤ፣ ጮክ ብዬ የዘመርኩት እሷ ከሞተች በኋላ፣ በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው።