ጋሽ ዘውዴ ያመጡት መልእክት

ይህን ነገር እስካለፈው ዓመት ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ንስሐ አባቴ ፊት በየዓመቱ ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይቺን እየዘለልኩ አልፌያለሁ። ሰው አምቻለሁ፣ ጾም ገድፌያለሁ፣ ተቆጥቻለሁ እላለሁ፤ እሳቸውም "እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለው ያሰናብቱኛል። ያልተናገርኩትን እንዴት ይፈቱልኛል? ይህን እያወቅሁ አሥራ አራት ዓመት ዝም አልኩ። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ስለጀገንኩ አይደለም። ዝምታው ራሱ ሌላ በደል እየሆነብኝ ስለሄደ ነው።

የመንዝ ልጅ ነኝ። ቀበሌያችን ከጓሳ ወረድ ብላ የምትገኝ፣ ከመሐል ሜዳ በእግር አራት ሰዓት፣ በበቅሎ ሁለት ሰዓት ተኩል የምታስኬድ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ከመንደራችን ወደ ከተማ የወጣነው ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና ጽጌ። እሷ ከሌሎች ሴት ተማሪዎች ጋር፣ እኔ ከአጎቴ ልጅ ጋር ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። ዓርብ ከትምህርት በኋላ አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን፤ እሑድ በሶአችንንና ድርቆሻችንን ተሸክመን አብረን እንመለሳለን። በዚያ ቁር፣ በዚያ ሜዳ ላይ፣ ከእሷ ጋር የሄድኩትን መንገድ ያህል ከማንም ጋር አልሄድኩም። እንደ እህቴ ነበረች ብል አላጋነንኩም። ታዲያ በእህት ላይ እንዲህ ይደረጋል?

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን እኔ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ሰብሳቢ ነበርኩ። ጠዋት በሰልፍ ሰዓት ማስታወቂያ የማነበው፣ የጠፋ መጽሐፍ የማፈላልገው፣ ዘመድ የመጣበትን ተማሪ በድምፅ ማጉያ የምጠራው እኔ ነኝ። ድምፄ ጥሩ ነው ይሉኛል። ድምፄን ወድጄው ነበር። ሰው ስሜን ባያውቅ እንኳ "ያ ማይክ የሚይዘው ልጅ" ሲለኝ ደረቴ ይነፋ ነበር።

በዚያ ዓመት ሕዝቡ ለትምህርት ቤታችን አዳራሽ ሠራ። የየቀበሌው ገበሬ በተራ እየመጣ ድንጋይ ፈለጠ፣ ተሸከመ፤ እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ በሰልፍ ቆመን እየተቀባበልን አቀበልን። ከእኛ ቀበሌ ተራቸውን አንድም ቀን ያላጓደሉት ጋሽ ዘውዴ ነበሩ። ጋሽ ዘውዴ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጥሩምባቸውን ይዘው ከአፋፍ አፋፍ እየዞሩ ያረዳሉ፤ ሰው ሲታመምም ራቅ ላለ ዘመድ መልእክት የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ቀድመዋቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። እድሩ ነበር ቤተሰባቸው።

አዳራሹ የሚመረቅበት ቀን የገበያ ቀን ነበር። ከየቀበሌው ወላጅ ተጋብዟል። ከጎረቤት ወረዳ ከራቤል የመጡ ተማሪዎች አሉ፤ ከእነሱ ጋር የጥያቄና መልስ ውድድር ተዘጋጅቷል። የእኛን ትምህርት ቤት የምንወክለው እኔና ጽጌ ነን። እኔ ታሪኩንና ቋንቋውን፣ እሷ ሒሳቡንና ሳይንሱን። እውነቱን ልናገርና እሷ ከሌለች እኔ ባዶ ነበርኩ። ይህን እኔም አውቅ ነበር፣ እሷም ታውቅ ነበር፤ እሷ ግን አንድም ቀን በአፏ አውጥታው አታውቅም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ባንዲራ ገና ሳይሰቀል፣ ዘበኛው በር ላይ ሰው ይፈልግሃል አለኝ። ብወጣ ጋሽ ዘውዴ ናቸው። የተጫነች በቅሎ ይዘዋል፤ ጋቢያቸው ጫፉ በጤዛ ርሷል።

"የጽጌ እናት ብሶባታል" አሉኝ። "'ልጄን አምጡልኝ' እያለች ነው። በቅሎ ይዤላት መጥቻለሁ። በዚያ በምትናገርበት ጥራልኝ የኔ ልጅ።"

ጽጌ ከእኔ ሃምሳ እርምጃ በማትሞላ ቦታ፣ ቧንቧው አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታን ፊቷን ትታጠብ ነበር። ዘወር ብል አያታለሁ። ዘወር አላልኩም።

"ፈተና ላይ ናት ጋሽ ዘውዴ" አልኳቸው። "አንዴ ከተቀመጡ መውጣት አይፈቀድም። ሰባት ሰዓት ላይ እኔው ራሴ ይዣት እመጣለሁ፤ እስከዚያ ገበያው አካባቢ አረፍ ብለው ይምጡ።"

በቅሎዋን አዩ፤ እኔን አዩ። ሰባት ሰዓት ይርቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይርቅም አልኳቸው። "እናንተ የተማራችሁት ታውቃላችሁ" አሉና በቅሎዋን እየሳቡ ወደ ገበያው ወረዱ።

እኔ ነኝ የላክኋቸው። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አልመከረኝም። የጽጌ እናት ከዚያ በፊትም ሁለት ሦስት ጊዜ ታመው ተነሥተዋልና ዛሬም ይነሣሉ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አምኜው ነበር? አላመንኩትም። ያመነ ሰው "እናትሽ አሟታል፤ ሂጂ ወይም ቆዪ፣ አንቺ ምረጪ" ይላታል። ምርጫውን የነጠቅኋት ምን እንደምትመርጥ ስለማውቅ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቼ ማይኩን ያዝኩና ለእንግዶች የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት አነበብኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ይህንንም እናዘዛለሁ፤ ምንም አልተንቀጠቀጠም።

ውድድሩ አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ። አባቴ ከፊት ተቀምጠዋል። እስከ መጨረሻው እኩል ሄድን፤ ያሸነፍነው ጽጌ በመለሰቻት አንድ የሒሳብ ጥያቄ ነው። አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። ጽጌ ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። በዚያች ደቂቃ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ ስድስት ከአርባ ይላል። ያን ጊዜም ወዲያው ልነግራት እችል ነበር። ሽልማቱ እስኪሰጥ ቆየሁ።

ከዚያ ወደ በር ሄድኩ። ጋሽ ዘውዴ ተመልሰው ቆመው ነበር። ተመልሼ ጽጌን ጠራኋትና ጋሽ ዘውዴ አሁን መጡ፣ እናትሽ አሟታል መሰለኝ አልኳት። አሁን አልኩ። መሰለኝም አልኩ። የተሸለመችውን መዝገበ ቃላት እጄ ላይ ጥላ ሮጠች። በቅሎዋ ላይ ስትወጣ ዘወር ብላ፣ "ሮጠህ ስለነገርከኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችኝ። እኔም አሜን አልኩ።

እናቷ ስምንት ሰዓት ላይ አረፉ። ጽጌ የደረሰችው ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ነው።

በማግስቱ የክፍላችን ተማሪዎችና ሁለት መምህራን ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። ቀብሩ አልቆ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። የጽጌ አጎት አቶ ሽፈራው፣ ሁሉ በሚሰማበት፣ ጋሽ ዘውዴን ጎህ ሳይቀድ ወጥታ የሄደች በቅሎ ቀኑን ሙሉ የት እንደዋለች ጠየቋቸው። ጋሽ ዘውዴ ጠዋት እንደደረሱ፣ ለእኔ እንደነገሩ፣ ልጅቷ ፈተና ላይ ናት እንደተባሉ ተናገሩ። አንድ ሰው ከኋላ፣ አራት ሰዓት ላይ ገበያ ዳር ጠላ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ አለ። ያን ቀን ፈተና አለመኖሩን ደግሞ ተማሪዎቹ ሁሉ ያውቃሉ። ፊቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ" አሉኝ አቶ ሽፈራው፣ "ስንት ሰዓት ላይ ነው ያገኘሃቸው?"

አባቴ አጠገቤ ነበሩ። መምህራኑ ነበሩ። ጽጌ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ ታየኝ ነበር።

"ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነው" አልኩ። "ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር።"

ጋሽ ዘውዴ አልጮኹም። አልማሉም። ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። "ልጁ ካለ እሱ ልክ ይሆናል" አሉ። "እኔ ሰዓት የለኝም። ፀሐይዋን ተሳስቼ ይሆናል።"

የመጀመሪያውን በደል በደቂቃ ውስጥ ሠራሁት፤ ሳላስብ ነው እል ይሆናል። ሁለተኛውንስ? መንገዱን ሁሉ አራት ሰዓት ሙሉ ሳስብ ነው የሄድኩት። ቢጠይቁኝ ምን እንደምል ዓረፍተ ነገሩን እንደ ማስታወቂያ አዘጋጅቼ ነበር። ሽማግሌን በሰው ፊት ሐሰተኛ ያደረግሁት አዘጋጅቼ ነው።

ከወር በኋላ እድሩ ጥሩምባውን ከጋሽ ዘውዴ ተቀብሎ ለሌላ ሰው ሰጠ። ክፉ ቃል አልተናገሯቸውም፤ ደክመዋል፣ ይረፉ ነው ያሉት። ግን ከዚያ ወዲህ ትንሽ መልእክት እንኳ የሚልካቸው ሰው ጠፋ። ልጆች ጠላ ጠጥቶ ሞት ያስቀደመ እያሉ ሲያወሩ ሰምቼ ዝም ብዬ አልፌያለሁ። ማኅበር መሄድ ተዉ። ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ከሰው ርቀው፣ አጥሩ ጥግ መቆም ጀመሩ። እኔም ዓርብ ዓርብ ወደ ቤት ስሄድ ደጃፋቸውን ላለማለፍ በገደሉ በኩል መዞር ለመድኩ። ብቻዬን ነበር የምሄደው፤ ጽጌ ታናናሾቿን ልታሳድግ ትምህርቷን አንድ ዓመት አቋርጣ ነበርና። ያ መንገድ ለአንድ ሰው እንዴት እንደሚረዝም ያኔ ነው ያወቅሁት። ማይኩንም ተውኩት፤ ጉሮሮዬን ያመኛል አልኳቸው።

ጽጌ በኋላ ተመልሳ ተማረች፤ ዛሬ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እኔ መምህር ሆኜ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። አላገባሁም። ሰው ሊቀርበኝ ሲል፣ ቢያውቀኝ ኖሮ አይቀርበኝም ነበር የሚል ነገር በመካከላችን ይቆማል፤ ቀድሜ እሸሻለሁ።

ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ወደ አገር ቤት ገባሁ። እናቴ በጨዋታ መካከል ጋሽ ዘውዴ መጃጀታቸውን፣ ዓይናቸውም መድከሙን ነገረችኝ። በማግስቱ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። በድምፄ አወቁኝ፤ ደስ አላቸው፤ በርጩማቸውን ለቀው ካልተቀመጥክ አሉኝ። ያንን ቀን አነሣሁባቸው። ገና ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

"እሱን ተወው" አሉኝ። "እኔ ነኝ የዘገየሁት። ጠላ ቤት ተቀምጬ እንቅልፍ ጥሎኝ ይሆናል። ለንስሐ አባቴ ተናዝዤበታለሁ፤ ሰባት ዓመት ጾሜ ሰግጄበታለሁ። ቀኖናዬን ጨርሻለሁ።"

የእኔን ኃጢአት ነው የተናዘዙት። የእኔን ስግደት ነው በዚያ ጉልበት የሰገዱት። ከእግራቸው ሥር ተደፍቼ ሁሉን ነገርኳቸው፤ በቅሎዋን፣ ቧንቧውን፣ ፈተና ብዬ የዋሸሁትን። ራሴን እየዳበሱ ሰሙኝ። ስጨርስ፣ "ደግ ልጅ ነህ" አሉኝ። "ሽማግሌ እንዳይከፋው ብለህ በራስህ ላይ አትዋሽ።"

አላመኑኝም። እኔ ሰው ፊት የተናገርኩት ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ከገዛ ትዝታቸው በልጦባቸዋል።

ከዚያ በሳምንቱ ጽጌ ወደምትሠራበት ሄድኩ። ሕመምተኞች ተራ ይጠብቃሉ። በመስኮቱ አጠገብ ቆመን ነገርኳት። አላለቀሰችም። ጋሽ ዘውዴ በስንት ሰዓት እንደነገሩኝ ብቻ ጠየቀችኝ። ባንዲራ ሳይሰቀል አልኳት። ጥቂት ስታሰላ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

"እደርስ ነበር" አለች። ከዚያ፣ "ሰው እየጠበቀኝ ነው" ብላ ገባች።

ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ ግን ከእናቷ የመጨረሻ ሰዓት አጠገብ ሳስቀምጠው በጣም አነሰብኝ። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ እሷም ልጅ ነበረች።

በሁዳዴ መግቢያ እናቴ ስልክ ደውላ ነገረችኝ። ጽጌ ወደ መንደር መጥታ፣ ወደ ቤቷ ከመግባቷ በፊት ጋሽ ዘውዴ ዘንድ ገብታ ነበር አለች። ከጠዋት እስከ ማታ አብረው ዋሉ። እሑድም ከቅዳሴ መልስ በሕዝቡ መካከል ክንዳቸውን ይዛ፣ ከአጥሩ ጥግ አምጥታ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀመጠቻቸው አለችኝ። ምን እንደተነጋገሩ እናቴ አታውቅም። የኔን ስም አንሥታ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ "ያንተን ስም ለምን ታነሣለች?" አለችኝ እናቴ።

መልሱን ለእሷም ገና አልነገርኳትም።