ሞያሌ ድረስ የወሰደኝ ንዴት

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ የግርማ ልጅ ማርታ ፒያሳ ከቀሩት አሮጌ ካፌዎች በአንዱ ቀጠረችኝ። ማኪያቶዋን ገፋ አድርጋ ስልኳን ከፊቴ ዘረጋችው። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በመኪና ናይሮቢ ልትሄድ ነው። ካርታው ላይ ከአዲስ አበባ የተነሳ ሰማያዊ መስመር ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ቀይ ነጥቦችም አሉበት፦ ዝዋይ፣ ሀዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ።

«የት የት መቆም እንዳለብን የነገረኝ አባቢ ነው» አለችኝ። «ድሮ እሱ ራሱ ያወጣው ዕቅድ ነው። አንቺም ታስታውሺዋለሽ አይደል?»

ሲኒዬን ጠንከር አድርጌ ሳላስቀምጠው አልቀረሁም፤ ከጎናችን የነበሩት ሰውዬ ዞር ብለው አዩኝ። ያን ዕቅድ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ደርግ ወድቆ ወጣ ገባ ማለት በተፈቀደበት ሰሞን ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ፒያሳ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ግርማ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ጓደኛው ዳዊት ከአጎቱ አሮጌ ላንድሮቨር ደርሶት፣ እሪ በከንቱ ግቢያቸው ውስጥ ሞተሩን ፈታትቶ ሲጎረጉረው ይውላል። ለሦስት ናይሮቢ እንሂድ የሚለው ሐሳብ የማን እንደነበር አላስታውስም፤ ሥራው የማን እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። እነሱ ስለ ናይሮቢ ጭፈራ ቤቶች ሲያወሩ፣ እኔ ከቢሮ እንደወጣሁ አትክልት ተራ እወርድ ነበር።

የተረጋገጠ ጎመን እየዘለልኩ፣ ለተሸካሚ መንገድ እየለቀቅኩ ከደቡብ የመጡ ሾፌሮችን እፈልጋለሁ። ከሁሉም የረዱኝ ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ ከዲላ አናናስ የሚያመላልሱ የስልጤ ሰው። ከመኪናቸው ጥላ ሥር ሻይ እየጠጡ ይነግሩኛል።

«ዲላ ላይ ቤንዚን ሙሉ፤ ከዚያ ወዲያ አይታመንም። ያቤሎ እደሩ። ቦረናዎች ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ሲያወጡ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ፤ እሱን ሳታዪ እንዳታልፊ። ከሞያሌ ማዶ ሽፍታ ስላለ ረቡዕ ጠዋት በወታደር ታጅቦ የሚሄደውን ኮንቮይ ጠብቁ።»

ሁሉንም በአንድ ደብተር ጻፍኩ፤ የሚታደርበትን፣ ዓሣው የሚጥምበትን፣ ውሃው የማይጠጣበትን። ለሦስታችንም የፓስፖርት ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ። መንገዱ ደረቅ እንዲሆን ጥርን የመረጥኩትም እኔ ነኝ።

ጥምቀት አልፎ በመጣው ቅዳሜ ጠዋት ግርማ «መኪናውን ስለምንጭን ዳዊት ጋ አድራለሁ። ነገ ከንጋቱ በአስራ አንድ ሰዓት ምኒልክ አደባባይ ጠብቂን» ብሎኝ ወጣ። እናቴ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውንና ቋንጣውን ለሦስታችን አዘጋጅታ ነበር። እሑድ ሳይነጋ ያን ሁሉ ተሸክሜ አደባባዩ ላይ ቆምኩ። የጥር ብርድ አጥንት ይሰብራል። ነጠላ ያጣፉ ሰዎች ወደ ጊዮርጊስ ሲገቡ ሻንጣዬን አይተው ያልፋሉ። አንድ ሰዓት ሲሆን አደጋ ደርሶባቸው ይሆናል ብዬ እየሮጥኩ እነዳዊት ቤት ሄድኩ።

የዳዊት እናት እማማ የሺ በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ልጄ፣ ትናንት ቀትር ላይ እኮ ነው የወጡት። አልነገሩሽም እንዴ?»

ደብተሩን ግርማ አርብ ዕለት «አንዴ ልየው» ብሎ እንደወሰደው ያኔ ትዝ አለኝ። እንባዬ እንኳ አልመጣም። ጆሮዬ ብቻ ጋለ።

«እማማ፣ ለእናቴ ተከትላቸው ሄዳለች ይበሉልኝ» ብያቸው ወደ አትክልት ተራ ወረድኩ። ረቡዕ ሳይደርስ ሞያሌን እንደማያልፉ አውቃለሁ፤ ዕቅዱ የኔ ነዋ።

ጋሽ ሸምሱ ጭነታቸውን አራግፈው ሊመለሱ ነበር። ፊቴን አዩና ምንም ሳይጠይቁ የጋቢናውን በር ከፈቱልኝ። ዝዋይ ላይ የተጠበሰ ዓሣ አዘዙልኝ፤ አንድም ጉርሻ ሳልጨርስ ተነሳሁ። ለወራት በሐሳቤ ስቆምባቸው የኖርኩትን ቦታዎች በመስኮት እያየሁ አለፍኳቸው። ሰኞ ከዲላ በአውቶቡስ ያቤሎ ገባሁ። ማክሰኞ ፍየል በጫነ አይሱዙ ላይ፣ በቀይ አፈርና ከሰው ቁመት በሚበልጥ ኩይሳ መሀል ሞያሌ ደረስኩ። የጉድጓዶቹን ዘፈን አልሰማሁም።

አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ሻይ ሲጠጡ አገኘኋቸው። ላንድሮቨሩ አጠገባቸው ቆሟል። እኔ ልቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ሁለት ጀሪካንና የዳዊት ጊታር አሉ።

ግርማ ብድግ አለ። «አስቱ፣ እንዴት መጣሽ?»

«እኔ ባወጣሁት መንገድ ልጠፋ ነው?»

«ዳዊት እኮ... ሽፍታ ባለበት አገር ሴት ይዘን... አንድ ነገር ብትሆኚ እናታችንን ምን እላታለሁ?»

«ይህንን በብርድ አደባባይ ሳታቆመኝ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ዳዊት ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ «በቃ ትግባ፤ ጊታሩን ጣሪያ ላይ እናስረዋለን» አለ፣ ውለታ እንደሚውልልኝ ሁሉ። ያቺ «ትግባ» ካደባባዩ ብርድ ይልቅ አንገበገበችኝ።

«ደብተሬን አምጣ» አልኩት ግርማን። አመጣ። በማግሥቱ ጠዋት ኬላው ጋ ቆሜ ኮንቮዩ አቧራውን እያስነሳ ሲሻገር አየሁና ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ።

እነሱ ከአንድ ወር በኋላ መጡ። ግርማ በየሰርጉና በየበዓሉ «ያኔ መንገዱን ሳወጣ» እያለ ሲተርክ ኖረ። እናታችን እንዳትቀየም ብዬ ዝም አልኩ። እናታችን ካረፈች በኋላ ደግሞ ዝምታው ልማድ ሆነብኝ። ፓስፖርቴ አንድም ማኅተም ሳያርፍበት ጊዜው አለፈ።

ይህን ሁሉ ለማርታ ነገርኳት። አባቷ ነውና ሲነገርባት ደስ እንደማይላት አውቃለሁ፤ ግን አላቆምኩም። ጨርሼ ስመለከታት ዓይኗን ከስልኩ አላነሳችም።

«ቦታ ሲሰጡሽ ለምን አልገባሽም ታዲያ?» አለችኝ በመጨረሻ።

ማታ ግርማ ደወለ። «ይህን ሁሉ ዘመን ይዘሽው ነበር?» አለኝ፣ ቅያሜ እንዳለበት ሰው።

«አሁንም ይዤዋለሁ» አልኩት። «ለልጅህ እውነቱን በራስህ አፍ ንገራት።» ስልኩን ዘጋብኝ።

ንዴት ሰውን ይጎዳል፣ ተይው የሚሉኝ አሉ። በግርማ ላይ ያለኝን አልተውም፤ አግባብ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ የማርታ ጥያቄ ነው። ኬላው ጋ ደብተሯን ታቅፋ የቆመችውን ልጅ አስታውሳለሁ፤ ኩራቷ ይገባኛል። ግን እነሱ የከለከሏትን እሷም ራሷን ከለከለች፣ እኔም ለዚህ እስከ ዛሬ እናደድባታለሁ።

የማርታ መኪና አምስት ሰው ይይዛል። ትናንት ፓስፖርት ላወጣ ተሰልፌ ዋልኩ። ግርማን ይቅር ብዬ አይደለም። ናይሮቢን ማየት ፈልጌ ነው።