ትራኬን ሚጥሚጣ የቀባኋት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት... ከሐበሻ ሰፈራችን ከፌርፋክስ ጀርባ ካለች አንዲት ጋራዥ ውስጥ፣ የትራኬ ሞተር ላይ ተደፍቼ ሽቦዎቿን ሚጥሚጣ እየቀባሁ ነበር።

አትሳቁ! አስረዳለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ሆሊውድ አንድ ሆቴል ፓርኪንግ ነው የምሠራው። በሥራ ቀን የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ፣ በጋውን ደግሞ ከከተማ ወጣ ብዬ በራሴ ትራክ እወዳደራለሁ። ውድድሩ ሩጫ አይደለም፣ ጉተታ ነው። ከኋላችን ክብደት የተጫነበት ትልቅ ብረት ያስሩልናል፣ እሱን አርቆ የጎተተ ያሸንፋል። እናቴ እስካሁን ለሰው ስታወራ «ልጄ የተበላሸ መኪና ትጎትታለች» ነው የምትለው። አስረድቼ አስረድቼ ተውኳት።

ዊንተር ሲመጣ ውድድር የለም፣ ሶ ትራኳ በወጉ መተኛት አለባት። ጭቃዋ ይታጠባል፣ ዘይቷ ይቀየራል፣ ክብደቷ ጎማዋን እንዳይጫነው በክሪክ ተነስታ ብረት ላይ ትቀመጣለች፣ ባትሪዋ ይወጣል፣ ጭስ ማውጫዋ ይደፈናል። አምና ይሄን ሁሉ አድርጌ ነበር... አይጥ ገብቶ ሽቦዋን ሙልጭ አድርጎ በላው! የመጀመሪያው ውድድር ቀን ሰው ሁሉ ሲጎትት እኔ አጥር ተደግፌ ሳለቅስ ዋልኩ። አዎ፣ አለቀስኩ። ምን ላድርግ!

ዘንድሮ ግን ማልኩ። ወይ እነሱ ወይ እኔ። ወጥመድ ሞከርኩ፣ ናቁኝ። መድኃኒት ሞከርኩ፣ የወፈሩበት መሰለኝ። በመጨረሻ ሰፈር ካለው ሱቅ ሄጄ በትልቅ ፌስታል ሚጥሚጣ ገዛሁ። ባለሱቋ ፌስታሉንም እኔንም አየችና፣

«ምነው፣ ድግስ አለ እንዴ?»

«አይ፣ ለአይጥ ነው።»

«...ኦኬ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሽቦውን በዘይት በለወስኩት ሚጥሚጣ ቀባሁት፣ የተረፈውን ደረቁን ሞተሩ ላይም ማቀዝቀዣ ፋኑ ላይም ነሰነስኩት። እውነቴን ነው፣ ክትፎ ላይ እንኳን እንደዚህ አይነሰነስም።

ይሄኔ ጋሼ ታደሰ መጡ። የጋራዡ ባለቤት ናቸው፣ ግማሹን ለትራኬ ሰጥተውኛል፣ ግማሹ በአሮጌ ዕቃቸውና በአንድ ዝሆን የሚያህል ሶፋ ተይዟል። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ስሚ አንቺ ልጅ፣ እዚያ ጥግ የአይጥ ኩስ አየሁ። ይቺ መኪናሽ ናት ይዛብኝ የመጣችው።»

«ጋሼ! አምና ትራኬን የበሏት እኮ የእርስዎ አይጦች ናቸው።»

«በኔ ቤት አይጥ ኖሮ አያውቅም! ሰኞ ይቺን መኪና እዚህ እንዳላያት።»

ደሜ ፈላ። እዚህ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ከየት ይመጣል? የኔ አፓርታማ ለኮሮላዬ እንኳን ፓርኪንግ የለውም። መንገድ ላይ ባቆማት በሳምንት ተፈታታ ታልቃለች። ከዚህ ከወጣች መሸጥ ነው፣ ሌላ መንገድ የለኝም። ያቺን ስንት የለፋሁባትን!

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አላወጣትም። ሥራዬን ልጨርስ፣ ከዚያ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።»

«ጨርሺ! እኔም የአይጡን ጎሬ ከዚሁ አውጥቼ አሳይሻለሁ» ብለው መነጽራቸውን አድርገው ሞተሩን በዓይናቸው ይፈትሹ ጀመር።

ለካ እኔ ቅደም ተከተሉን አበላሽቼዋለሁ። ነዳጁ ተቀምጦ እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ነገር አለ፣ እሱ ከተጨመረ በኋላ ሞተሩን ትንሽ ማሠራት ያስፈልጋል። ጨምሬ፣ ማሠራቱን ረስቼዋለሁ። እልሄ መጥቶ ስለነበር፣ «ጋሼ፣ ዘወር ይበሉ፣ ላስነሳት ነው» አልኩና ገብቼ ቁልፉን አዞርኩት።

ሚጥሚጣው ትዝ ያለኝ ፋኑ ከዞረ በኋላ ነው።

ወይ ጉድ! ሞተሩ ሲያገሳ ጋራዡ ቀይ ጭጋግ ሆነ። ጋሼ ታደሰ «በስመ አብ!» ብለው ሳይጨርሱ ማስነጠስ ጀመሩ። እንባቸው ወረደ፣ መነጽራቸው ወደቀ፣ ኮፍያቸው ወደቀ። የኔም ዓይን አይሠራም፣ በዳበሳ አጠፋኋት። አበቃልኝ አልኩ። ሽማግሌ አሳወርኩ፣ ከእንግዲህ ጋራዥም የለ፣ ትራክም የለ... እጃቸውን ይዤ ወደ ውጪ ጎተትኳቸው። ዘንድሮ ከጎተትኩት ሁሉ እሳቸው ከበዱኝ።

የግቢውን ቧንቧ ከፍቼ ፊታቸውን እያጠብኩ፣ «በማርያም ይቅር ይበሉኝ ጋሼ...» ስል ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ።

«ዝም በይና እዪ።»

ዞር አልኩ። አንድ አይጥ ወጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ እናት ከነልጆቿ! ከትራኬ አይደለም እኮ... ከሶፋው ሆድ ውስጥ! እየተንደረደሩ በመሃላችን አልፈው ወደ ኋላ መንገድ ወጡ። አንዱማ መንገድ ላይ ቆሞ አስነጠሰ። ካላመናችሁኝ እምላለሁ።

ጋሼ ታደሰ የቀላ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«ያንን ሶፋ ያመጣው የባለቤቴ ወንድም ነው» አሉ። «ድሮም አልወደውም ነበር።»

ሶፋውን ይሁን ሰውዬውን አልጠየቅኳቸውም።

«ታዲያ ትራኳስ ጋሼ... ሰኞ ትውጣ?»

«የት ትሄዳለች? እዚሁ ትተኛ እንጂ!» አሉና ደግመው አስነጠሱ።

ሶፋውን አብረን ጎትተን አወጣነው። ትራኳን ብረቷ ላይ አስቀመጥኳት፣ ባትሪዋን ነቀልኩ፣ አፍንጫዬን በሻርፕ አስሬ ሚጥሚጣዋን እንደገና ነሰነስኩላትና ሸራዋን አለበስኳት። በድል ልወጣ ስል ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠሩኝ።

«ስሚ እስኪ... ባልድዊን ሂልስ ያለው ቤቴም ኮርኒሱ ላይ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል። መኪናሽን ለአንድ ቀን ከነሚጥሚጣዋ ይዘሻት ብትመጪስ?»

ዊንተሩን እንድትተኛ ስንት የደከምኩላት ትራኬ፣ ጭራሽ ሥራ ተገኘላት።