ሀያት መኪና የገፋችበት ጉርሻ

ዛሬ ምሳ ላይ ኦቲዝም ላለባት ለእህቴ ልጅ ለሀያት ጉርሻ ባቀርብላት አፏን አልከፈተችም። መጀመሪያ ባዶ እጇን መሬት ላይ ገፋ ገፋ አደረገች።

ጠዋት እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ እንደ እሷ ላሉ ልጆች ጨዋታ ወደሚያስተምር ወጣት ወስጃት ነበር። ሁልጊዜ የምትደረድራቸውን የጠርሙስ ክዳኖች ቀምቶ የመጫወቻ መኪና ሰጣት። በገፋች ቁጥር ቁራሽ ብስኩት ያጎርሳታል።

«ጋሼ፣ አዩ? መጫወት ቻለች» አለኝ።

«በዚህ ረሃብ እኮ አንተንም በብስኩት እንደ አህያ አስጮህሃለሁ» አልኩት። ሳቀ።

ቁርስ ሳትበላ አምጧት ያለን እሱ ነው።

እኛ ዘንድ ጉርሻ «በሞቴ» ተብሎ ይለመንበታል እንጂ በሥራ አይገዛም።

አሁን ክዳኖቿን ፊቷ ደረደርኩላት። አልነካቻቸውም፤ እጄን እጄን ታያለች።

የእናንተን ልጆችስ እንዲህ አድርጎ ጨዋታ «ያስተማረ» አለ? እስቲ ጻፉልኝ።